የያረጋል ጉልበት

ስልክ ለሳምንታት ተቋርጦ በተለቀቀ ማግስት መጀመሪያ የደወሉልኝ ሞጣ ያሉት የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ አቶ ኑረዲን ናቸው። ደብረ ማርቆስ ከተዛወርኩ ወዲህ በበዓል ቀን ካልሆነ ደውለውልኝ አያውቁም። ድምፃቸውን ስሰማ ደስ ብሎኝ ስለ ቤተሰባቸው መጠየቅ ጀመርኩ። አላስጨረሱኝም።

«መርዶ በስልክ አይነገርም ነበር፣ ስንዱ። ሰው ልኬ በማለዳ ባስነግርሽ ነበር ደጉ፤ መንገዱ አልሆነልኝም» አሉ። ቀጠሉ። «ያረጋልን ገደሉት። እዚያው ውኃው ቤት። እኔም ለቀብሩ አልደረስኩለት።»

ስልኩን ዘጋሁ። እንባ አልመጣልኝም። የመጣብኝ ብረት ግድግዳ ሲመታ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ያረጋልን መጀመሪያ ያወቅሁት በዚያ ድምፅ ነበር።

ደግ ሰው ነበር ብዬ ብጀምር ለማያውቁት እዋሻለሁ። ያረጋል ይማታ ነበር። ቢቸና ውስጥ በገበያ ቀን ሲያልፍ ሰው መንገድ የሚለቅለት ከአክብሮት ብቻ አልነበረም። አንድ ቅዳሜ፣ የአህያውን ጀርባ እስኪላጥ በሽመል የሚደበድብ ገበሬ አገኘ። ሽመሉን ነጠቀና ሰውየውን በዚያው ሽመል መሬት ላይ እስኪወድቅ ደበደበው። ከዚያ የአህያዋን ጭነት አራግፎ በራሱ ትከሻ እስከ ሰውየው ደጅ ድረስ ተሸከመለት። ይህን የሚያወራ ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔ ግን ቆሜ አይቼው ስለነበር አልስቅም።

ውኃው ቤት የምንለው ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታ ሥር ያለ ትንሽ የብሎኬት ቤት ነው። በኬሚስትሪ ተመርቄ ሁለት ዓመት ሥራ ፈትቼ ከተቀመጥኩ በኋላ የተመደብኩት እዚያ ነበር። ውኃው ከምንጭ በራሱ ቁልቁለት እየወረደ ወደ ማጠራቀሚያው ይገባል፤ ከዚያ ወደ ቦኖዎቹ ይሄዳል። የእኔ ሥራ የክሎሪኑን መጠን መለካት ነው። መሣሪያውን መጠገን የያረጋል ነው። ዘበኛው አያ ካሴ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ሌላ ሰው የለም።

መጀመሪያ ቀን በሩን ስገፋው አንድ ትልቅ የቧንቧ መፍቻ በጆሮዬ አጠገብ አልፎ ግድግዳውን መታና የሲሚንቶ ፍርካሽ ፊቴ ላይ ረጨብኝ። የተቆለፈ ብሎን አስቆጥቶት የወረወረው ነበር። ወደ እኔ ዞረ። አጭር፣ አንገቱ የማይታይ፣ ክንዱ እንደ ጉቶ የሆነ ሰው ነው።

«መታሽ?» አለ።

«አልመታኝም።»

«እንግዲያው ግቢ።»

አርባ አምስት ዓመት ግድም ይሆነዋል፤ እኔ ሃያ አምስት አልሞላኝም ነበር። በእኛ አገር ወግ አንቱ አልኩት። በሦስተኛው ቀን ከለከለኝ። «አንቱ ስትዪኝ ሁለት አደረግሽኝ። እኔ እንኳን ለሁለት፣ ላንዱም በዝቻለሁ» አለ። ከዚያ ወዲህ ጋሼ እያልኩ በአንተ እጠራው ጀመር።

ንግግሩ እንዲህ የሆነው ከቅኔ ቤት ስለወጣ ነው። አባቱ መርጡለ ማርያም አካባቢ ካህን ነበሩ፤ በልጅነቱ ደብረ ኤልያስ ላኩት። ጎበዝ ተማሪ ነበር ይላሉ። አንድ ቀን ጓደኛው የያረጋልን ቅኔ በመምህሩ ፊት የራሱ አድርጎ ዘረፈ። ያረጋል የጓደኛውን ዘንግ ከእጁ ቀምቶ በዚያው ክንዱን ሰበረው፤ ያንኑ ዕለት አኮፋዳውን አንሥቶ ወጣ፤ አልተመለሰም። ታሪኩን ሲነግረኝ አልተጸጸተም። «መስረቁስ ባልከፋ ነበር፤ የቅኔውን ቤት አፍርሶ ሰረቀኝ» ነው ያለኝ።

ከዚያ ሞጣ ወርዶ ጋራዥ ገባ። እጁ እንደ አእምሮው ፈጣን ስለነበር ከጥቂት ዓመት በኋላ የጋራዡ ዋና መካኒክ ሆነ። ዕቃ የሚገዛው ከአቶ ኑረዲን ሱቅ ነው። አንድ ጊዜ ከእሳቸው የገዛውን ኩሽኔታ ለአንድ የጭነት መኪና ጎማ ገጠመ። ኩሽኔታው አዲስ በሚመስል ካርቶን የታሸገ አሮጌ ዕቃ ነበር፤ መንገድ ላይ ተሰባበረና መኪናው ተገለበጠ። ሹፌሩ አንድ እግሩን አጣ። ያረጋል ሆስፒታል ሄዶ ሹፌሩን አየ፤ ከዚያ በቀጥታ ሱቁ ገባና ምንም ሳይናገር በአንድ ቡጢ የአቶ ኑረዲንን የፊት ጥርስ አረገፈ። ኋላ ሲጣራ እሳቸውም ካርቶኑን የገዙት እንደታሸገ ነበር፤ ተታለዋል። ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ ከቄሱም ከሼኩም ወገን ነበሩበት። ያረጋል በወጉ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ እንዲጠይቅ ተፈረደበት። አልሸከምም አለ። ጥፋቱን ያውቃል፤ ግን ትከሻው እምቢ አለው። ሞጣን ለቆ ቢቸና መጣ። ለዘጠኝ ዓመት ከአቶ ኑረዲን ጋር አልተነጋገሩም።

የማልረሳው ክረምት የመጣው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ውጊያው ከገጠሩ ወደ መንገዱ፣ ከመንገዱ ወደ ከተሞቹ ተጠጋ። ጠዋት ጠዋት ተኩስ በየትኛው አቅጣጫ እንደሆነ ሰምተን ነው ከቤት የምንወጣው። የሸሸ ሰው ቢቸና ገብቶ ትምህርት ቤቱን ሞላው። በአንድ ክፍል ሦስትና አራት ቤተሰብ ይተኛል፤ ሁሉም የሚጠጣው ከእኛ ቦኖ ነው። በዚያው ሰሞን ክሎሪን የምትጨምረው ፓምፕ ተበላሸች።

በሰነዱ ላይ ፔሪስታልቲክ ፓምፕ ትባላለች። ያረጋል «አላቢዋ» ይላት ነበር። «ላም ስትታለብ ጣት ጡቱን ከላይ ጨምቆ ወተቱን ወደ ታች እየገፋ ይወርድ የለም? ይችም እንዲያ ናት» ብሎ ነው ያስረዳኝ። አንዲት ትንሽ ጎማ አለች፤ ዙሪያዋን አምስት ተሽከርካሪ ጣቶች አሉባት። ሞተሩ ጎማዋን ሲያዞር ጣቶቹ ለስላሳ ቱቦ እየጨመቁ ክሎሪኑን ከበርሜሉ ወደ ውኃው ጠብ ጠብ ያደርጉታል። ክሎሪን ብረት ይበላል፤ በዚህች ግን ከቱቦው በቀር የሚነካው የለም። ታዲያ ያ ቱቦ ተሰነጠቀ። መንገድ ስለተዘጋ ምትኩ አይመጣም። ያረጋል ከገበሬ የፀረ ተባይ መርጫ ላይ ወፍራም ቱቦ ቆርጦ አጥቦ ገጠመላት። ቱቦው ደረቅ ነው፤ ሞተሩ ሊጨምቀው አቃተው። እንደ ንብ ያጉረመርማል፣ ይግላል፣ ይቆማል።

ውኃው ግን አይቆምም። ከምንጩ በራሱ ይወርዳል። ክሎሪን በባልዲ እያሟሟን ማጠራቀሚያው ውስጥ መድፋት ጀመርን። አንዴ ይበዛል፣ ሰው ይተፋዋል፤ አንዴ ያልቃል፣ ምንም ሳይኖረው ይሄዳል። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ተቅማጥና ትውከት ገባ። መጀመሪያ ሕፃናቱን ያዘ። ከዚያ ከቢቸና ማዶ የሸሸች አንዲት አራስ ሞተች። ሬሳዋን የሚሸከም ወንድ ዘመድ ስላልነበራት ያረጋል ከቃሬዛው አንዱን ጫፍ ያዘ።

ከቀብር ሲመለስ ጭቃው ከእግሩ አልደረቀም። ሞተሩን አስነሣ። ጎማዋ ግማሽ ዙር ሄዳ ቆመች። እንደገና አስነሣት፤ ቆመች። መዶሻውን ከመደርደሪያው ላይ ሲያነሣ አየሁት፤ አያ ካሴም አዩት፤ ሁለታችንም እጁን አልያዝንለትም። ሦስት ጊዜ መታት። በመጀመሪያው ምት የሞተሩ ክዳን ተፈነከተ፤ በሦስተኛው የመዳብ ሽቦው ሆዱ እንደተቀደደ በግ አንጀት ወጣ። ያ ሞተር ብቻ ነበር የነበረን።

ያረጋል መዶሻውን አስቀምጦ በርሜሉ ላይ ተቀመጠ።

«አልደከመም ነበርኮ» አለ በመጨረሻ። «ጉልበት አንሶት አይደለም የቆመው። ቸኩሎ ነው። ፍጥነቱን ብቀንስለት ኖሮ ጉልበቱ ይጨምር ነበር። ይህን ከሳምንት በፊት አውቄዋለሁ፤ ሠርቼ ልሞክረው ስል ግን እጄ ቀደመኝ።»

ከዚያ ስለ ቶርክ፣ ስለ መጠምዘዝ ጉልበት ነገረኝ። የጭነት መኪና የዝናብ መጥረጊያ ሞተር ውስጡ ጠመዝማዛ ጥርስ አለው፤ ሞተሩ ብዙ ዞሮ መጥረጊያውን ጥቂት ነው የሚያንቀሳቅሰው፤ ስለዚህ በእጅ ይዘው አያቆሙትም። እሱን አግኝተን በሰንሰለት ደግሞ ብናዘገየው ደረቁን ቱቦ ይጨምቀዋል፤ የፀሐይ ባትሪያችንም ይችለዋል። «ፍጥነት ሰጥተሽ ጉልበት ትቀበያለሽ። ገበያው ይኸው ነው» አለ። ሞተሩ የት እንደሚገኝ ጠየቅሁት። በዚያ ሰሞን እንዲህ ያለ ዕቃ ያለው ሞጣ፣ አቶ ኑረዲን ዘንድ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ ይዤ አብሬው ወጣሁ። ጎማዋን፣ ቱቦውንና የተሰበረውን ሞተር በማዳበሪያ ከረጢት አዝሎ ነበር። ደብረ ወርቅን እንዳለፍን ሚኒባሳችንን መሣሪያ የያዙ ሰዎች አስቆሙት። የየትኛው ወገን እንደሆኑ አልጽፍም፤ ለተሰበረው እጅ ልዩነት የለውም። ሁላችንንም አስወረዱንና ዕቃ መፈተሽ ጀመሩ። ከረጢቱ ተዘረገፈ። ሽቦ፣ ቱቦ፣ ባለ ጣት ጎማ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ አለቃቸው።

«የውኃ ፓምፕ።»

«ቦምብ ነው» አለ ሌላው። ሁላችንም እንድንንበረከክ አዘዙን። ተንበረከክን። ያረጋል ቆሞ ቀረ። ምናልባት አልሰማም፤ ምናልባት ሽማግሌዎቹ ፊት እንደሆነው ሰውነቱ እምቢ ብሎት ነው። አንዱ ከኋላው መጥቶ በሰደፍ የጉልበቱን መታጠፊያ መታው። ወደቀ። ሊነሣ ሲል ጀርባውን ደገሙት። አለቃው ቁጭ ብድግ እያለ ዕቃውን ሲመለከት ቆየና መጣ፤ ይህን የሠራህበት እጅህ የትኛው ነው ብሎ ጠየቀው። ያረጋል ቀኝ እጁን አሳየው። እጁን መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ አስቀመጡትና በሰደፍ መቱት። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ፤ ደረቅ እንጨት እንደሚሰበረው ነው። እንደገና መቱት።

እኔ የማየው ግራ እጁን ነበር። ያረጋልን አውቀዋለሁ። ግራው ከተነሣ ሁላችንም እዚያው እንቀራለን። እመቤቴን ይዤ ለመንኩ። ግራ እጁ ጭቃውን ጨብጦ ያዘ። ጭቃው በጣቶቹ መሃል እየሾለከ ወጣ፤ እጁ ግን ከመሬት አልተነሣም።

«ላሳይህ» አለ ያረጋል ለአለቃው። ድምፁ የታመመ ሰው ድምፅ ነበር። «ውኃ ካላችሁ ላሳይህ።»

አንዱ ጀሪካን አመጣ። ያረጋል ቱቦውን በግራ እጁና በጥርሱ ጎማዋ ላይ ጠመጠመ፤ እኔን አንዱን ጫፍ ጀሪካኑ ውስጥ ንከሪው አለኝ። ከዚያ በግራ እጁ ጎማዋን ያዞር ጀመር። ቱቦው ደረቅ ስለሆነ እየጮኸ ነው የሚዞረው። ደም ከቀኝ እጁ ጉልበቱ ላይ ይንጠባጠባል። በአራተኛው ዙር ከሌላው ጫፍ ውኃ ወጣ፤ በአለቃው ጫማ ላይ ፈሰሰ። አለቃው ጫማውን አየ፣ ውኃውን አየ። ከሰዎቹ አንዱ ሳቀ። «ሂዱ» አሉን።

ሚኒባሱ ወደ ፊት አልሄድም ብሎ ስለተመለሰ አንድ የጭነት መኪና እስኪያሳፍረን ብዙ መንገድ በእግራችን ሄድን። እጁን በነጠላዬ አስሬለታለሁ። ለምን እንዳልመታ ልጠይቀው ፈራሁ፤ ራሱ ነው የጀመረው።

«ጉልበት የሚባለው ሁለት ነው፣ ስንዱ» አለ። «አንዱ ክንድ ላይ ነው፣ አንዱ እግር ላይ። እስከ ዛሬ ባንዱ ብቻ ነው የኖርኩ።» ትንሽ ሄደና «ያቺ አራስ ባትሞት ኖሮ ግን እመታው ነበር» አለ።

ሞጣ ስንደርስ ቀትር አልፏል። አብዛኛው ሱቅ ተዘግቷል። የአቶ ኑረዲን በር እኩሌታው ክፍት ነው፤ ነፋስ እንዳይዘጋው አንድ ትልቅ ጥቁር ድንጋይ ደግፎታል። አቶ ኑረዲን ከውስጥ ሆነው አዩን። አልተነሡም። ያረጋል ሰላም አላለም። ጎንበስ አለና ድንጋዩን በግራ እጁ አቅፎ ወደ ትከሻው አወጣው፤ ሲያወጣው አቃሰተ። ድንጋዩን ተሸክሞ ደጃፉ ላይ ቆመ። ደሙ በነጠላዬ በኩል አልፎ ይንጠባጠባል። በሩ ከኋላው በነፋስ ተንቋቋ።

አቶ ኑረዲን ለረጅም ጊዜ አዩት። የወርቅ ጥርሳቸው ከከንፈራቸው ሥር ብልጭ አለ።

«አስቀምጠው፣ ያረጋል» አሉ ቀስ ብለው። «በሬን የሚይዝልኝ እሱ ነው።»

ሌላ የይቅርታ ቃል አልሰማሁም። ከጎረቤት ወጌሻ አስጠሩ። ወጌሻው አጥንቱን ሲያገጣጥም ያረጋል የመደርደሪያውን እግር ነከሰ፤ የጥርሱ ምልክት እንጨቱ ላይ ቀረ። እጁ በሸምበቆ ቁራጭ ከታሰረ በኋላ ተኛ ብንለው እምቢ ብሎ ሞተሩን ጠየቀ። አቶ ኑረዲን ከላይኛው መደርደሪያ አውርደው አመጡለት፤ ከአሮጌ ጭነት መኪና የወጣ፣ ዘይት የጠጣ፣ ከባድ ሞተር።

ሥራውን የጀመርነው ያኔ ነው። ያረጋል አፍ ሆነ፣ አቶ ኑረዲን እጅ ሆኑ፣ እኔ የታዘዝኩትን እይዛለሁ። መጀመሪያ ከአምስቱ ጣቶች ሁለቱን አስወጣ። «አምስት ጣት ባንድ ጊዜ ሲጨምቅ አምስት ጊዜ ይደክማል፤ ሦስት ይበቃል» አለ። የቀሩት ሦስቱ በባዶ ዘንግ ላይ ነበር የሚሽከረከሩት፤ እየፋቀ ጉልበት የሚበላውም ያ ነው። ለእያንዳንዳቸው ትንንሽ ኩሽኔታ እንዲገባላቸው አዘዘ። አቶ ኑረዲን ካርቶኑን ከፍተው ኩሽኔታዎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው እያሽከረከሩ ጆሮው ላይ አስጠጉለት። ያረጋል እያንዳንዱን አዳመጠ። ሁለቱም ስለ ምን እንደሆነ ያውቃሉ።

ኩሽኔታው ሲገባ ተኩስ ጀመረ። መጀመሪያ ሩቅ ነበር፤ ከዚያ በእኛ መንገድ ላይ ሆነ። ጥይት የጎረቤቱን ጣራ ሲበሳ ቆርቆሮው ይጮኻል። አቶ ኑረዲን በሩን ዘጉና ሦስታችንም ከባንኮኒው ኋላ መሬት ላይ ተኛን። አንድ ጥይት በመዝጊያው በኩል ገብቶ የብሎን ሣጥን መታ፤ ብሎኑ እንደ በረዶ ዘነበብን። አቶ ኑረዲን ፈጣሪያቸውን ይጠራሉ፣ እኔም የእኔን። ያረጋል ሆዱ ላይ እንደተኛ በጎማዋና ቱቦው በሚደገፍበት ግድግዳ መካከል ያለውን ክፍተት በአንድ ዓይኑ ያይ ነበር።

«ጠባብ ነው» አለ። «ቱቦውን መዝጋት እንጂ ማድቀቅ የለባትም። ኑረዲን፣ የቆርቆሮ ውፍረት ያህል አስፋልኝ።»

«አሁን?»

«እነሱ ሥራቸውን እየሠሩ አይደል? እኛም እንሥራ።»

አቶ ኑረዲን ተኝተው ሞረዱ። ብሎኑ ሁለቴ ከእጃቸው አመለጠ፤ ያረጋል ግን አልተቆጣም። ቀስ፣ ቀስ እያለ ብቻ ያዛል። በዚያ ድምፅ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ተኩሱ ሲርቅ ከብስክሌት የወጣ ሰንሰለት ገጠምን፤ ትንሹ ጥርስ ሞተሩ ላይ፣ ትልቁ ጎማዋ ላይ። በባትሪ አስነሣናት። ዝግ ብላ ዞረች። ያረጋል ያዢያት አለኝ። በሁለት እጄ ያዝኳት። አልቆመችም፤ የመዳፌን ቆዳ ልጣ ይዛ ሄደች። ጠባሳው ዛሬም አለ።

«አሁን ጉልበት አላት» አለ ያረጋል፤ ከዚያ እዚያው መሬት ላይ እንቅልፍ ወሰደው።

በሦስተኛው ቀን ቢቸና ተመለስን፤ ስንመለስ መንገዱን የያዙት ሰዎች ሌሎች ስለነበሩ አላስቆሙንም። አላቢዋ ደረቁን ቱቦ እየጨመቀች ቀንና ሌሊት ሠራች። ክሎሪኑ ልኩን ያዘ። በሽታው ቀስ እያለ ከትምህርት ቤቱ ወጣ። በእሷ ብቻ ነው አልልም፤ የጤና ሠራተኞቹም እንቅልፍ አልነበራቸውም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ያረጋል ቃሬዛ አልተሸከመም።

ቀኝ እጁ ጠማማ ሆኖ ዳነ፤ ለመጨበጥ እምቢ አለ። ሰው «ያረጋል ረጋ» አለ። እኔም እንዲያ አመንኩ። አንድ ዓመት ያህል አብሬው ስሠራ ድምፁን ሲያነሣ አልሰማሁም። አቶ ኑረዲንም ወደ ቢቸና በመጡ ቁጥር ውኃው ቤት ጎራ ይሉ ነበር፤ ሁለቱ በርሜል ላይ ተቀምጠው ብዙም ሳይነጋገሩ ጎማዋ ስትዞር ያያሉ። ወደ ደብረ ማርቆስ ስዛወር ያረጋል በግራ እጁ ሰላም አለኝና «በሰው ቃል አትመኚ፣ ለኪ» አለኝ። የውኃውን ነገር ማለቱ ነው ብዬ ሄድኩ።

ለተዝካሩ መንገዱ ተከፍቶ ደረስኩ። አቶ ኑረዲን ቀድመውኝ መጥተው ከለቀስተኞቹ መሃል ተቀምጠዋል። ከጸሎቱ በኋላ ቄሱ ተነሥተው ያረጋል በኋለኛው ዘመኑ ቁጣውን ጥሎ እንደ በግ ዝም ብሎ ለሞት ተሰጠ ብለው አስተማሩ። ሴቶቹ አለቀሱ። እኔም ያኔ ነው እንባ የመጣልኝ። ያን በመንገድ ዳር ጭቃ የጨበጠ እጅ አሰብኩ፤ እንዲያ ሆኖ ከሞተ ብዬ ተጽናናሁ።

ስንበታተን አያ ካሴ ክንዴን ይዘው ወደ ውኃው ቤት ወሰዱኝ። አላቢዋ አቶ ኑረዲን ባመጡት ባትሪ እየዞረች ነው። ወለሉ ታጥቧል፤ የሲሚንቶው ስንጥቅ ውስጥ ግን የቀረ ደም ነበር።

«ቄሱ የተናገሩት ልክ አይደለም» አሉ አያ ካሴ። «እኔ ነበርኩ እዚህ።»

እንደነገሩኝ፣ ባትሪ ፈልገው የመጡ አራት ታጣቂዎች ነበሩ። ያረጋል መጀመሪያ ለመናቸው። ውኃው የእናቶቻቸውም እንደሆነ ነገራቸው፤ ሌላ ባትሪ እስኪመጣ ሁለት ቀን ብቻ እንዲታገሡት ጠየቃቸው። ሽቦውን ፈቱት። ዝም አለ። ባትሪውን ሁለቱ ተሸክመው ወጡ፤ አሁንም ዝም አለ። የመጨረሻው፣ ገና ጢም ያላወጣ ወጣት፣ ሲወጣ አላቢዋን በእግሩ መታት። ቱቦው ተነቀለ፤ ክሎሪኑ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ያረጋል የቧንቧ መፍቻውን በግራ እጁ አነሣና ልጁን ራሱ ላይ መታው። አንድ ጊዜ ብቻ። ጓደኞቹ ከደጅ ተኮሱ።

ልጁንም ባትሪውንም ይዘው ሄዱ። ልጁ በሦስተኛው ቀን ሞተ፤ እናቱ ሉማሜ ናት አሉ።

«ያረጋል ቶሎ አልሞተም» አሉ አያ ካሴ። «ራሱን ጭኔ ላይ አድርጌ ነበር። ውኃ ሰጠሁት፤ አልፈለገም። ስለ ራሱ አንድም አልጠየቀኝ። ‹ልጁ ተነሣ?› ነው ያለኝ። ተሸክመው ሲያወጡት አይቻለሁ፤ አንገቱ እንደ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። ‹ተነሥቷል፣ በእግሩ ነው የሄደ› አልኩት። ‹ማል› አለኝ። በታቦቱ ማልኩለት። ከዚያ ነው ያረፈ።»

ሽማግሌው እጃቸውን በእጃቸው አሹ። «በሐሰት ምያለሁ፣ ልጄ። ለንስሐ አባቴ ልንገረው ወይ?»

እኔ እንኳን እንዲህ ላለው ነገር፣ ለሌላውም ሥልጣን የለኝም። «አይንገሯቸው፣ አያ ካሴ» አልኳቸው።

በማግስቱ ወደ ደብረ ማርቆስ ስመለስ መኪናው ሉማሜ ላይ ቆመ። የገበያ ቀን ነበር። ሹፌሩ ምሳ በልታችሁ ኑ አለ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ወረደ። እኔ በመስኮት አያለሁ። በዚያ ዓመት ከል የለበሰች እናት ፍለጋ አያስቸግርም፤ በየድንኳኑ፣ በየእህሉ ከረጢት ኋላ፣ በውኃው ወረፋ ላይ ነበሩ። ከመካከላቸው የልጁ እናት የትኛዋ እንደሆነች ብጠይቅ የሚያሳየኝ ሰው ይኖር ይሆናል። የመኪናውን በር ሁለት ጊዜ ያዝኩት፤ አልወረድኩም። አያ ካሴ ለያረጋል የማሉለትን፣ ለእሷ የሚምልላት ሰው የለም።